መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡትን የት እናገኛቸዋለን?

የጤና ገጽ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ውኃ ማፍላት አንብበናል። ዛሬ የምናነበው ስለ መጠጥ ነው። ጽሑፉ ከወትሮው ይረዝማል። በአንድ ቀን መጨረስ ግድ አይደለም። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ አንብቡት። ከባድ ቃል ሲያጋጥማችሁ ወደ መጨረሻው ውረዱ። ፍቺው እዚያ አለ።

ነገሩን ያነሣነው እንዲያው ከመሬት ተነሥተን አይደለም። ከአንባቢዎቻችን አንዱ ጠይቀውን ነው።

1. ከደብተር የተቀደደች ወረቀት

በማታው ክፍል ከሚማሩት መካከል አንድ አባወራ አሉ። ስማቸውን አንጽፍም። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ ነው። ፊደል የለዩት ከብዙዎቹ ቀድመው ነው። ሲጽፉ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እርሳሱ ከመስመር ይወጣባቸዋል። እኛ መጀመሪያ የእርሻ ድካም መሰለን። በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አልን። አረቄ ቤት ጎራ ብለው የመጡ ቀን እጃቸው ይረጋል። ሳይጠጡ የመጡ ቀን ይንቀጠቀጣል።

አንድ ማታ ትምህርት ሲያልቅ ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቁ። ከደብተራቸው የቀደዷትን ወረቀት ሰጡን። በገዛ እጃቸው የጻፏት የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ልጆቼ አረቄ በሬዬን በላው። መተው እፈልጋለሁ። የተወ ሰው ካለ አሳዩኝ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። እኛ ግን መልስ አጣንላት።

2. የሠራነው ስሕተት

መልስ ያጣ ሰው ይቸኩላል። እኛም ቸኮልን። «አባባ፣ ዛሬውኑ ይተዉት። ቆራጥ ይሁኑ» አልናቸው። እሳቸውም ቆረጡ። የዚያን ዕለት ማታ አንዲት መለኪያ አልቀመሱም።

በማግስቱ ላብ አጠመቃቸው። እህል እምቢ አላቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ጣላቸውና አንዘፈዘፋቸው። ጎረቤት ተጠራ። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ባለቤታቸው ከኋላችን «እነዚህ ልጆች ገደሉብኝ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ያን ቃል አንረሳውም።

ደግነቱ ተረፉ። ጤና መኮንኑ ሳይቆጡ አስረዱን። ለብዙ ዓመት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ሰውነቱ መጠጡን ለምዶታል። በድንገት ሲቋረጥበት ይናወጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ጥሎ ማንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ዘንድ ከተደረሰ ግን የሚያረጋጋ መድኃኒት አለው።

ስለዚህ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦

ሀ. ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ብቻውን አያቁም። አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለ. ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ያንዘፈዘፈው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። አይደብቅ።

ሐ. «አረቄውን ትቼ ጠላ ብቻ ልጠጣ» ማለት መተው አይደለም። ጠላም ጠጅም ቢራም ያሰክራሉ። የሚለያዩት በኃይላቸው ነው።

መ. ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ። ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን አይጣል። ሁለቱ አይጣሉም።

አባትና እናቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኚህ አባወራ በሽታቸውን አልደበቁም። በጽሑፍ ነገሩን። ጥፋቱ የእኛ ነው። የጠየቁን «የተወ ሰው አሳዩኝ» ብለው ነበር። እኛ ሰውን ትተን ምክር ሰጠናቸው።

3. ሁለት ሰዎች የጀመሩት ስብሰባ

ይህ ጥያቄ የሳቸው ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በሩቅ አገር ሌላ ሰው ጠይቆት ነበር። ዘመኑ 1927 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ወራት በፊት ማለት ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው አክረን ይባላል።

ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደ አክረን ሄደ። ይህ ሰው ከባድ ጠጪ ነበር። ሀብቱንም ሥራውንም መጠጥ በልቶበታል። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው። ንግዱ ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆመ። በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ጫጫታና ሳቅ ይሰማል። በሌላ በኩል ስልክ አለ። ወደ መጠጡ ቢገባ እንደሚጠፋ ዐወቀ። የሚያድነው ሌላ ጠጪ አግኝቶ ማነጋገር ብቻ መሰለው። ስለዚህ ወደ ስልኩ ሄደ። ወደ አንድ ቄስ ደወለ። ሰው ከሰው እያገናኘው በመጨረሻ ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ዘንድ ደረሰ።

ይህ ዶክተር ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሰው ነበር። ግን ጠጪ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። እስቲ አስቡት፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም እጅ ሲንቀጠቀጥ!

ሁለቱ የተገናኙት ግንቦት 4 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ዶክተሩ «ሩብ ሰዓት ብቻ እቆያለሁ» ብሎ መጣ። የተለያዩት ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ሆኖ ነው። ለምን? ዶክተሩን የመከረው ሰው ብዙ ነበር። ሚስቱ መክራዋለች። ጓደኞቹ መክረውታል። ስለ መጠጥ ከገዛ ኑሮው ተነሥቶ ያነጋገረው ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቢል አልሰበከውም። የራሱን ውድቀት ነገረው። ዶክተሩም የራሱን ነገረው።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ዶክተሩ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይጠጣ ቆየ። ከዚያ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ ሄደና እንደገና ሰከረ። ጓደኛው አልተወውም። ደግፎ አነሣው። ዶክተሩ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ አልቀመሰም።

ሁለቱ ቀጥለው ሆስፒታል ገቡ፤ ለመታከም ሳይሆን ሌላ ጠጪ ለመፈለግ። አልጋ ላይ የተኛ አንድ ጠበቃ አገኙ። እሱም ተወ። ሦስት ሆኑ። በ1931 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተሙ። ማኅበሩም ስሙን ከመጽሐፉ ወሰደ። «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ይባላል። በአማርኛ «ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ስብሰባው በ180 ያህል አገሮች ይካሄዳል።

4. በስብሰባው ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። «ገብቼ ምን ልባል ነው? ያዋርዱኝ ይሆን?» ይላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

ሰዎቹ ክብ ሠርተው ወይም በረድፍ ይቀመጣሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ጣልቃ የሚገባ የለም። መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ ሰምቶ ይሄዳል። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሻይ ወይም ቡና ይኖራል። መጠጥ የለም።

ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጠጥ ለመተው መፈለግ። ክፍያ የለውም። በመጨረሻ ለቤት ኪራይና ለሻይ የሚሆን ሳንቲም ይሰበሰባል። የሌለው አይሰጥም። የአባት ስም አይጠየቅም። እዚያ የተሰማ ነገር እዚያው ይቀራል። ይህ ዋናው ሕግ ነው። ምሥጢር ያወጣ ሰው የሌላውን መዳኛ ገደል ይከታል።

«ዕድሜ ልኬን አልጠጣም» ብለህ ማል የሚል የለም። የሚባለው «ዛሬን ብቻ አልጠጣም» ነው። ነገ ሲነጋ እንደገና «ዛሬን» ይባላል። ተራራ የሚወጣ ሰው ጫፉን እያየ ቢሄድ ይደክመዋል። እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ እያየ ቢረግጥ ግን ይደርሳል።

ቀደም ብሎ የተወ ሰው ለአዲሱ አለኝታ ይሆነዋል። አዲሱ የመጠጥ ፍላጎት ሲያንገበግበው ወደዚያ ሰው ይሄዳል ወይም ይደውላል።

ለቤተሰብም ሌላ ስብሰባ አለ። የቢል ሚስት ሎይስ በ1943 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ያቋቋመችው ነው። «አል-አኖን» ይባላል። የጠጪ ሚስት፣ ባል፣ እናት ወይም ልጅ የሆነ ሰው እዚያ ሸክሙን ያወርዳል። የጠጪ ሚስት ስንት ሌሊት በር ከፍታ እንደምትጠብቅ ከሷ በቀር ማን ያውቃል?

5. እንዴት እንፈልገው?

አንደኛ፣ በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቁ። እነሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይመሩዋችኋል። በጤና ጣቢያ «መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ታውቃላችሁ ወይ?» በሉ። አትፈሩ። ይህ እንደ ወባ ሁሉ የጤና ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ የአእምሮ ሕክምና ያለበትን ሆስፒታል ጠይቁ። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ወደዚያ ለመሄድ ጤና ጣቢያው የማስተላለፊያ ወረቀት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ የተወ ሰው ፈልጉ። በየቀዬው ቢያንስ አንድ አይጠፋም። «እሱ እኮ ድሮ እንዴት ይጠጣ ነበር!» የሚባልለት ሰው አለ። እሱን ጠይቁት።

አራተኛ፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም የመስጊዱን ሼኽ አማክሩ። ብዙ ሰው ችግሩን መጀመሪያ የሚነግረው ለእነሱ ነው።

አምስተኛ፣ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ እንዲያጠያይቅላችሁ ንገሩት። በስልክ የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሉ። ልጃችሁ ራሱ በሰው አገር ከመጠጥ ጋር እየታገለ ቢሆን ይህንኑ ንገሩት። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ስብሰባው በብዛት ይገኛል።

ስብሰባ አለ ከተባላችሁ አምስት ነገር ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ። ቀኑ መቼ ነው? ሰዓቱ ስንት ነው? ቦታው የት ነው? ቋንቋው ምንድን ነው? ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ክፍት ከሆነ ቤተሰብም ጓደኛም መግባት ይችላል። ዝግ ከሆነ መጠጥ ለመተው የሚፈልግ ሰው ብቻ ይገባል።

ስለ ሰዓቱ ተጠንቀቁ። በከተማ የሚለጠፍ ወረቀት አንዳንዴ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። በፈረንጅ ከቀትር በኋላ 6 ሰዓት ማለት በእኛ 12 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ማታ 7 ሰዓት ማለት በእኛ ማታ 1 ሰዓት ነው። ማንበብ የቻለ ሰው በዚህ መሳሳት የለበትም። ቦታም ቀንም ሊቀየር ይችላል። ሩቅ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

የመጀመሪያው ቀን ልብ ካልገባ ተስፋ አትቁረጡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ሞክሩ። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን፣ «መድኃኒትህን ጣል» የሚላችሁን፣ ምሥጢራችሁን የሚያወራውን ሽሹ።

6. በአካባቢው ከሌለስ?

እኛን ያጋጠመን ይህ ነው። ጤና ጣቢያውን ጠየቅን። በወረዳው እንዲህ ያለ ስብሰባ አልነበረም። አባወራው ታክመው ሲወጡ ባዶ እጃችንን ነበርን። «ታዲያ የተወ ሰው የለም ማለት ነው?» አሉን።

ያኔ የአክረን ታሪክ ትዝ አለን። እነዚያስ ሁለት ብቻ አልነበሩም? ጤና መኮንኑ መጠጥ የተዉ ሁለት ሰዎች ያውቁ ነበር። ስማቸውን ግን አልነገሩንም። መጀመሪያ ሰዎቹን ጠየቁ፣ ሰዎቹም ፈቀዱ። አንዱ ሸማኔ ነው። ሌላው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ከአባወራው ጋር ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ቡና አፈላን። መጠጥ ያልጣለን ሰዎች ነንና በመካከላቸው ምን እንናገራለን?

ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ሲነሡ የአባወራው ዓይን ቀልቷል። «እሱም በሬውን ሸጧል» አሉን፤ ሸማኔውን እያሳዩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያንን ስንሰማ የጠየቁን ምን እንደ ነበረ ገባን።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይገናኛሉ። በአምስተኛው ሳምንት አባወራው ተዝካር ተጠሩ። «በሞቴ፣ አንድ ዋንጫ!» ተባሉ። ጠጡ። ሌሊቱን አረቄ ቤት አደሩ። በሚቀጥለው እሑድ ከዋርካው ሥር አልመጡም። ሸማኔው ተነሥቶ ቤታቸው ሄደ። በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ወደ ዋርካው መለሳቸው። እንደገና ከአንድ ቀን ጀመሩ። ይህን ስንጽፍ ሃያ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሲቆጥሩ ራሳቸው በደብተር ይጽፋሉ። አሁን የስብሰባው ሰዎች አምስት ደርሰዋል።

7. የእኛ የጎረቤቶች ድርሻ

ስብሰባ ማቋቋም ለጠጪው የተተወ ነው። ለሌሎቻችንም ግን ሥራ አለን። «በሞቴ» እያልን ማስጨነቅ እንተው። በማኅበርና በሰንበቴ፣ በሠርግና በተዝካር ለማይጠጣ ሰው ሻይ፣ ቡና፣ የአብሽ ውኃ ይቅረብ። ብርዝም ቢሆን ገና ሳይፈላ ነው። ሰንብቶ ከፈላ ያሰክራል።

አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት አንስደባት። ሌላ ገቢ ቢኖራት ጭሱን ወዳ አትውጠውም። ነገር ግን «ለእገሌ አትስጪ፣ እየታገለ ነው» ቢባሉ የሚሰሙ አሉ። በሰፈራችን አንዷ ሰምታለች። ለአባወራው ቡና አፍልታ ሰጥታ ሸኝታቸዋለች።

ለቀብር ዕድር አለን። ለገንዘብ ዕቁብ አለን። ለአጨዳ ደቦ አለን። ብቻውን የሚያርም ሰው ሲያዩ የሚጠሩት ጎረቤቶች ሁሉ፣ ብቻውን ከመጠጥ ጋር የሚታገለውን ለምን ዝም ብለን እናያለን?

ጥያቄ ያለው አንባቢ እንደ አባወራው ጽፎ ይስጠን። ስሙን መጻፍ የለበትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አባወራው በደብዳቤያቸው የጠየቁት ምን ነበር? አስተማሪዎቹስ ምን መለሱላቸው?

2. በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ከማቆሙ በፊት ለምን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል?

3. የፈረንጅ 8 ሰዓት ማታ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

4. በእናንተ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ለማይጠጣ ሰው ምን ይቀርብለታል?

የቃላት ፍቺ

ሱስ፦ ሰው ልተወው ሲል እምቢ የሚል ልማድ።
ቃሬዛ፦ በሽተኛ የሚሸከሙበት የእንጨት አልጋ።
አለኝታ፦ በችግር ጊዜ የሚደርስ ደጋፊ።
ምሥጢር፦ ለሌላ የማይነገር ነገር።
ተዝካር፦ ለሞተ ሰው መታሰቢያ የሚደረግ ድግስ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጥጃና ላም ክትባት እናነባለን። ደህና ሰንብቱ።